ሣር የበቀለበት ሁሉ ግጦሽ አይደለም



ባለፈው በጋ በደቡብ ካሉት አጥቢያዎች ከአንዱ ደብዳቤ ደረሰን። የጻፉት የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ሲሆኑ ጥያቄያቸው አጭር ነበር። ከመንደሩ በላይ በወንዙ ዳር ወርቅ ይወጣበት የነበረ ቦታ አለ። ሥራው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ተፈጭቶና ታጥቦ የተጣለው አፈር ግን እንደ ኮረብታ ተከምሮ ቀርቷል። በላዩ አረም እንኳ በደኅና አይበቅልም። ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራው ወደ ግጦሹና ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ በርከት ያሉ ጥጆች ዓይናቸው እየታወረ፣ ጥርሳቸውን እያፋጩ ሞተውባቸዋል። «ቬቲቨር የሚባለው ሣር መርዝ ያጸዳል ሲባል ሰምተናልና ችግኝ ላኩልን፤ ኮረብታውን አልብሰን ከብቶቻችንን እናሰማራበታለን» ይላል ደብዳቤው።

እኛም ወዲያው «እሺ፣ ክረምቱ ሲገባ እንልካለን» ብለን መለስን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ መልሳችን ግማሹ ስሕተት ስለ ነበረ ነው። ችግኝ ለመላክ መስማማታችን ትክክል ነበር፤ «ከብቶቻችንን እናሰማራበታለን» ለሚለው ቃል ግን ምንም ሳንናገር ማለፋችን ትክክል አልነበረም። ወርቅ በሚወጣባቸው አካባቢዎች የምታገለግሉ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን ይደርሳችኋል። በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ በ2018 ሕዝቡ ስለ ሰውና ስለ ከብት ጤንነት ባሰማው ብርቱ አቤቱታ የአንድ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ታግዶ እንደ ነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እርሳስ አይበሰብስም

በመጀመሪያ «ማጽዳት» የሚለውን ቃል እንመርምር። እበት ይበሰብሳል። የፈሰሰ ናፍጣም ቢሆን በጊዜ ብዛት በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ይበሉታል። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ፣ ዚንክና መዳብ ግን እንዲህ አይደሉም። ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳሉ እንጂ አይጠፉም። ስለዚህ «ሣሩ መርዙን ያጸዳዋል» ሲባል ጥያቄው «ወዴት ወሰደው?» የሚለው ነው። ሣሩ መርዙን ከአፈር አውጥቶት ከሆነ ያለው በቅጠሉ ላይ ነው፤ ቅጠሉን ደግሞ የሚበላው ላማችን ነው።

አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው አፈሩ ወደ 2,600 ቶን ይመዝናል። በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ውስጥ 1,000 ሚሊግራም፣ ማለትም 1 ግራም እርሳስ ቢኖር፣ በሄክታሩ ያለው እርሳስ 2,600 ኪሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ደኅና ሣር በቅሎ በዓመት 10 ቶን ድርቆሽ አጨድን እንበል። በአንድ ኪሎ ድርቆሽ ውስጥ 50 ሚሊግራም እርሳስ ቢገኝ በዓመት ተሸክመን የምናወጣው ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው። ከመሬቱ ውስጥ ግማሹን እርሳስ ለማውጣት እንኳ 2,600 ዓመት ያስፈልጋል። በነቢዩ በኤርምያስ ዘመን ማጨድ ጀምረን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገና እኩሌታው ላይ በደረስን ነበር! ይህም ሆኖ ድርቆሹ ራሱ ለከብት የሚሰጥ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በመኖ ሣር ውስጥ የሚፈቅደው እርሳስ በኪሎ ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው።

ብረታ ብረትን በብዛት ወደ ቅጠላቸው የሚስቡ ልዩ ዕፅዋት በእርግጥ አሉ። በጀርመን አገር በአኽን አካባቢ በዚንክ መሬት ላይ ከሚበቅሉ ትንንሽ ዕፅዋት አንዱ በደረቅ ቅጠሉ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የሚበልጥ ዚንክ እንደሚይዝ በ1885 ታውቋል። በ1948 ኢጣሊያውያን ተመራማሪዎች ኒኬልን እንዲሁ የሚያከማች ሌላ ተክል አገኙ፤ በ2001 ደግሞ በአሜሪካ በፍሎሪዳ አርሰኒክን የሚስብ ፈርን መገኘቱ ተጻፈ። ስለ እነዚህ ዕፅዋት በየጋዜጣው የተጻፈው ብዙ ነው፤ «ተክል መርዝ ያጸዳል» የሚለውም ወሬ ከዚያ የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን ለከብት አርቢ ከእነዚህ የሚብስ አደገኛ ተክል የለም፤ መርዙን ሰብስበው በአፍ ቁመት ያቀርቡለታልና። ከታጨዱም በኋላ ወዴት ይጣላሉ? በየመንደራችን ደረቅ አገዳ ሁሉ ማገዶ ነው፤ ማገዶው ጢስ ይሆናል፣ አመዱም ወደ ጓሮ ይጣላል። በተለይ ለእርሳስ ደግሞ እንዲህ ያለው ዘዴ አልሆነም። እርሳስን አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል። በ1990ዎቹ ከአፈሩ የሚያላቅቅ ኬሚካል እየጨመሩ ተክሉ እንዲስበው ለማድረግ ተሞክሮ ነበር፤ የተላቀቀው እርሳስ ግን ከተክሉ ይልቅ ከውኃው ጋር ወደ ታች መስረግ ጀመረ። ጉድጓድ ውኃ ለሚጠጣ መንደር ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው።

በዌልስ የተገኘው ሣር

ታዲያ ተክል አይጠቅምምን? እጅግ ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ይህንን ከሁሉ አስቀድሞ በሚገባ ካስረዱት ሰዎች አንዱ አንቶኒ ብራድሾው የሚባሉ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ናቸው። የሥራቸው ቦታ ዌልስ ነበረች። ለእኛ ለወንጌል አማኞች ዌልስ በ1904 በተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት የታወቀች ናት። ያን ጊዜ ወደ ጸሎት ቤት የጎረፉት ብዙዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እንደ ነበሩ ሰምተናል። ከከሰሉ ሌላ ግን በዌልስ ምዕራብና ሰሜን እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቆፍሯል። ማዕድኖቹ ከተዘጉ በኋላ የተጣለው ክምር ብዙው ከመቶ ዓመት በኋላም ራቁቱን ነበር።

ብራድሾው በ1950ዎቹ የተመለከቱት ይህ ነው። በክምሩ ላይ እዚህም እዚያም የበቀለ ጥቂት ሣር አለ፤ ዓይነቱ በአጥሩ ማዶ በለምለሙ መስክ ከሚበቅለው ጋር አንድ ነው። ነገር ግን የመስኩን ሣር አምጥተው በክምሩ አፈር ሲተክሉት ሥሩ አላድግ ብሎ ሞተ፤ የክምሩ ሣር ግን በዚያው አፈር ቆመ። ስሙ አንድ ቢሆንም ዘሩ ተለይቷል። በክምሩ ላይ ከወደቁት እልፍ ዘሮች መካከል መርዙን መቻል የተሰጣቸው ጥቂቶች ብቻ ተርፈው፣ ከእነርሱ የተወለደው ያንን መሬት የለመደ ሆነ ማለት ነው። በክምሩና በመስኩ ሣር መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር።

ከዚህ በመነሣት በ1970ዎቹ ሦስት የሣር ዘሮች ተመርጠው ለሽያጭ ቀረቡ። «መርሊን» የተባለው ኖራ ላለበት የእርሳስና የዚንክ ክምር፣ «ጎጊናን» ለኮምጣጣው የእርሳስና የዚንክ ክምር፣ «ፓሪስ» ደግሞ ለመዳብ ነው። (ፓሪስ ሲባል የፈረንሳይ ዋና ከተማ አይደለችም፤ በአንግልሲ ደሴት ያለ የመዳብ ተራራ ስም ነው።) እነዚህን ዘሮች ወደ አገራችን እናምጣ አንልም፤ የብርድ አገር ሣሮች ናቸው። ትምህርቱን ግን መውሰድ እንችላለን። ሰርዶን የማያውቅ የለም። በቻይና በጓንግዶንግ በእርሳስና በዚንክ ዝቃጭ ላይ የበቀለው ሰርዶ በንጹሕ ቦታ ከበቀለው ሰርዶ ይልቅ መርዙን እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ክምሩን ለማልበስ የምትፈልጉ ወንድሞች ከችግኝ ጣቢያ ከመጠየቃችሁ በፊት ክምሩን ዙሩ። በጠርዙ ላይ በራሱ የበቀለ ሰርዶ ወይም ሌላ ሣር ካገኛችሁ ከገበያ የማይገኝ ዘር አግኝታችኋል። እርሱን ገንጥላችሁ አባዙት።

ሥር ወይስ ቅጠል?

አላን ቤከር የተባሉ ሌላ እንግሊዛዊ በ1981 በመርዛም መሬት የሚኖሩትን ዕፅዋት በሁለት ከፈሉ፤ የሚያከማቹና የሚከለክሉ። የሚያከማቹት ከላይ የጠቀስናቸው ናቸው። የሚከለክሉት ግን ብረቱን በሥራቸው ይዘው ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ እንዳያልፍ ያደርጋሉ፤ የመጣውን እንግዳ በደጅ አስቀምጦ ወደ ጓዳ እንደማያስገባ ባለቤት ማለት ነው። ለግጦሽ አገር የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው። ሥራውም መርዙን ማውጣት ሳይሆን ባለበት ማሰር ነው። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ የነፋሱንና የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ አቧራው ይቆማል፣ ጎርፉም ይጠራል።

ቬቲቨርስ ከየትኛው ወገን ነው? ይህ ሣር በአገራችን ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በጅማና በኢሉባቦር በኩል ለእርከን የተከላችሁት ታውቁታላችሁ። በአውስትራሊያ ፖል ትሩንግ የተባሉ ባለ ሙያ በማዕድን ዝቃጭ ላይ ሞክረውት መርዝን በመቻሉ ተደንቀዋል። ልኬታቸው ግን ሊነበብ የሚገባው በጥንቃቄ ነው። ተክሉ ከወሰደው አርሰኒክ፣ ካድሚየም፣ ክሮምየምና ባዝቃ ወደ ቅጠሉ የወጣው ከመቶ ከ1 እስከ 5 እጅ ብቻ ነበር። ከመዳብ፣ ከእርሳስና ከኒኬል ግን ከ16 እስከ 33 እጅ ወጣ፤ ከዚንክ ወደ 40 እጅ ደረሰ። እንግዲህ አንድ ተክል ለአንዱ መርዝ ዘበኛ፣ ለሌላው በር ከፋች ሊሆን ይችላል። በክምሩ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ «ቬቲቨር ነውና ደኅና ነው» ማለት አይገባም። የቬቲቨር ቅጠል ሲጎረምስ ስለሚሻክር ከብት ይተወዋል፤ ታጭዶ እንደ ገና ሲያቆጠቁጥ ግን ይበላዋል።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ ማዕድን ቦታ ድኝ ያለበት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለ። ተፈጭቶ አየርና ውኃ ሲያገኝ ኮምጣጣ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረታ ብረቱን ከድንጋዩ እያሟሟ ይለቃል። ኖራ ይህን አሲድ ያበርዳል፤ ፍግና ብስባሽ ደግሞ ብዙውን ብረት ይይዛሉ፣ ለተክሉም ምግብ ይሆናሉ። በዌልስም ቢሆን መርዙን የለመደው ሣር ማዳበሪያ ሲነፈገው ከሳ። ዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፌት እርሳስን ያስራል፤ አርሰኒክን ግን ከአፈሩ ያስለቅቃል፤ ኖራም ሲበዛ አርሰኒክን እንዲሁ ያደርገዋል። በወርቅ ድንጋይ ውስጥ አርሰኒክ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አፈሩ ሳይመረመር ኖራና ዳፕ በገፍ እንዳትበትኑ አደራ እንላችኋለን። ብስባሹን ግን አትሠሥቱ።

ላሟ አፈር ትበላለች

እስከ አሁን ስለ ሣሩ ተናገርን። እኛን ያሳሳተን ግን ሣሩን ብቻ መመልከታችን ነው። ላም ስትግጥ ሣር ብቻ አትበላም። ቶርንተንና አብረሃምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በማዕድን በተበከሉ መስኮች ያደረጉትን ጥናት በ1983 አውጥተው ነበር። ከብቶች ከሚበሉት ደረቅ ነገር ከመቶ ከ1 እስከ 18 እጅ የሚሆነው አፈር ሲሆን፣ በጎች ደግሞ እስከ 30 እጅ ይደርሳሉ። ሣሩ ሲያጥርና ሲሳሳ የሚበላው አፈር ይበዛል፤ ይህም የእኛ የበጋ ግጦሽ ማለት ነው። ስለዚህ መርዙን ፈጽሞ ወደ ቅጠሉ የማያሳልፍ ሣር ብናገኝ እንኳ፣ በክምሩ ላይ የተሰማራ ከብት ክምሩን ራሱን ይልሳል።

በምዕራብ ዌልስ በሰኔ 2012 የደረሰውን እናስታውስ። ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ወንዞቹ ሞሉ፤ ጎርፉ የጥንቱን የማዕድን ደለል እየጠረገ በሣር መስኮች ላይ አስተኛው። ውኃው ሲጎድል ገበሬዎች ሣሩን አጭደው ሳይሌጅ፣ ማለት አየር እንዳይገባው ታምቆ የሚቆይ እርጥብ መኖ አደረጉት። በኋላ ሲመረመር በአንዳንዱ ሳይሌጅ በኪሎ እስከ 1,900 ሚሊግራም እርሳስ ተገኘበት፤ ይህም በሣሩ ላይ ከተለጠፈው ደለል የመጣ ነበር። ያንን የበሉ ከብቶች ተመርዘው ሞቱ። ማዕድኖቹ ከተዘጉ ዘመን ያለፋቸው ነበሩ፤ አገሩም ሐኪምና ላቦራቶሪ ያልጎደለው አገር ነበር። አጭዶ ማብላት ከማሰማራት ይሻላል የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው ሣሩ ከደለልና ከአቧራ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው።

የእርሳስ መርዝ የያዘው ከብት ዓይኑ ይጠፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቱን በግድግዳ ወይም በግንድ ላይ ይገፋል፣ ያለ ዓላማ ይዞራል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጥጃ ነው። በመዳብ መሬት ግን ለበግ ፍሩ፤ በግ በመኖዋ ውስጥ የምትችለው መዳብ በኪሎ 15 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን ላም ወደ 40 ትችላለች። በሽታው በግልጽ ያልታየበት ከብት ደግሞ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እርሳስ በአጥንት፣ በጉበትና በኩላሊት ይከማቻል፣ በወተትም ይወጣል። በዛምቢያ ካብዌ በምትባል ከተማ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1994 የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ነበር። ከተዘጋ በኋላ በዙሪያው የሚግጡ ከብቶች ጉበትና ኩላሊት ሲመረመር ከሌላ አካባቢ ከብቶች የበለጠ እርሳስና ካድሚየም ተገኝቶበታል። ጉበቱ በየገበያው የሚሸጥ የሰው ምግብ መሆኑን አትርሱ። ላም ከበላችው እርሳስ አብዛኛው ደግሞ በእበት ይወጣል፤ እበቱ በእኛ ቤት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። እናቶች ከምድጃው አጠገብ፣ ሕፃናት በእናቶች ጀርባ መሆናቸውን የምታውቁ ይህን ብቻ አስቡት።

ተክል የማይበቃበትም ጊዜ አለ። በሰሜን ናይጄሪያ በዛምፋራ በ2010 ሰዎች እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በግቢያቸው እየፈጩ ከ400 የሚበልጡ ሕፃናት ሞቱ። በዚያ የተደረገው ሣር መትከል አልነበረም፤ የተበከለውን የግቢ አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ መቅበርና በንጹሕ አፈር መተካት ነበር። ልጅ በሚጫወትበት ቦታ ሣሩ እስኪጠና የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። በኮንጎ በሉቡምባሺ ግን የመዳብ ማቅለጫው ጢስ ለብዙ አሥርት ዓመታት ባራቆተው ሰፈር መርዙን የሚችል የአገሩ ሣር ከኖራና ከብስባሽ ጋር ተተክሎ መሬቱን ለማልበስ ተሞክሯል። የተፈለገውም አቧራውን ማስቀረት እንጂ ግጦሽ አልነበረም።

ወደ አጥቢያዋ ተመልሰን

ይህን ሁሉ ካነበብንና ባለ ሙያዎችን ከጠየቅን በኋላ ሁለታችን ተነሥተን ወደዚያች አጥቢያ ሄድን። አፈሩን በሦስት ቦታ፣ በክምሩ ሥር ያለውን የግጦሽ ሣርም ወሰድን። ሣሩን በሁለት ከፍለን አንዱን በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ አንዱን ሳናጥብ ላክን፤ ይህን ዘዴ ለሁላችሁም እንመክራለን። ውጤቱ ከአራት ወር በኋላ ሲመጣ በክምሩ ውስጥ እርሳስም አርሰኒክም አለ። ያልታጠበው ሣር እርሳስ ከታጠበው በብዙ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ጥጆቹን የገደለው ከሣሩ ውስጥ የወጣ ሳይሆን በሣሩ ላይ የተቀመጠው አቧራ ሳይሆን አይቀርም አልን። ይህም ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ አቧራ የሚቆም ነገር ነውና።

በእሑድ ከአምልኮ በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ስብሰባ ሆነ። ነገሩን እንደ ቻልነው አስረዳን፤ ክምሩን አብረን እናልብሰው፣ ከብት ግን አይግባበት አልን። ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጆቼ፣ ሣሩን እኛ ተክለን፣ እኛ ኮትኩተን፣ በመጋቢት ከብቶቻችን አጥንታቸው ወጥቶ ለምለሙን እያዩ ይሙቱ ነው የምትሉን? ለማን ነው የምንተክለው?» አሉ። «አባባ፣ ለጥጆችዎ ነው» ብለን ጀመርን፤ ቃሉ ግን በአፋችን ውስጥ ቀለለብን። በጋውን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ ከብት ይዞ ብቻውን በሚውልበት ቀን ራብ የያዘውን በሬ ከለምለም ሣር በክልከላ ብቻ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ችግኝ ብቻ የሚሰጥ ፕሮጀክት ሰውን ወደ ፈተና የሚያገባ ነው፤ እኛም ልናደርግ የነበረው ያንን ነው።

በዘጸአት 21፥33-34 የተጻፈውን ሕግ ከወጣቶቹ አንዱ አስታወሰን። ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድነው የሄደ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ያዝዛል። በዚህ ቦታ ጉድጓዱን የከፈተው ሄዷል፤ ከእርሱ የሚገባውን መጠየቅ ለወረዳውና ለሕዝቡ የቀረ ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌዎቹም አቤቱታቸውን ጽፈዋል። መክደኛውን ግን ያ እስኪሆን መጠበቅ አይቻልም።

ከሁለት ቀን ምክክር በኋላ የተስማማነው ይህ ነው። ቬቲቨሩ በክምሩ ወገብ ላይ በረድፍ ይተከላል፣ በመካከሉ ከክምሩ ጠርዝ የተገኘው ሰርዶ ይሰራጫል፤ ብስባሹን የሴቶች ማኅበር ያዘጋጃል። ከክምሩ በላይ የዝናቡን ውኃ የሚያዞር ቦይ ይቆፈራል። ዙሪያውን በንጹሑ አፈር ላይ ቅንጭብ ይታጠራል። ከዚህ ጋር እኩል፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከወንዙ ማዶ ባላት መሬት ላይ ዝሆኔ ሣርና ሰስባኒያ ይተከላል፤ ይህ ለመጋቢት ነው፤ እየታጨደ በገበታ እንጂ በመሬት ላይ ሳይጣል ለጥጆችና ለሚታለቡ ላሞች ይሰጣል። በክምሩ ላይ የሚበቅለው አይታጨድም፣ ለማገዶም አይሰበሰብም። ከክምሩ ሥር ያለው የግጦሽ መስክ ሣሩ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻና ከክረምቱ በኋላ ይመረመራል። የአሁኑ ልክ ከገደቡ በታች እስኪወርድና እዚያው እስኪቆይ ጥጆች አይሰማሩበትም።

ሥራው ከተጀመረ አንድ ክረምት አልፏል። ቬቲቨሩ ከኖራ ነጻ በሆነው በኩል ደክሟል፤ ጥቂት ኖራ ከብስባሽ ጋር በሞከርንበት በኩል ግን ቆሟል። የአርሰኒኩን ነገር እየፈራን ስለሆነ ኖራውን ከማስፋታችን በፊት ከክምሩ ሥር የሚወጣውን ውኃ እያስመረመርን ነው። ዝሆኔው ሣር በሚያስደንቅ ሁኔታ በቅሏል። «ለማን ነው የምንተክለው» ያሉት ሽማግሌ የመጀመሪያውን ቅንጭብ የተከሉት እርሳቸው ናቸው፤ እስከ አሁንም ጧት ጧት አጥሩን ይዞራሉ።

ቅንጭቡ ግን ከብት የሚመልስ እስኪሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ በሦስት በኩል እሾህ ታጥሯል፤ በወንዙ በኩል ወደ 300 ሜትር የሚሆን ክፍት አለ፣ ከብቶቹም ለውኃ የሚወርዱት በዚያው ነው። ስጦታ ስትልኩልን «ለችግኝ» ብላችሁ የምትጽፉ ብዙ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ ችግኙ በቂ ነው። በዚህ ዓመት የሚያስፈልገው እሾሃማ ሽቦ፣ ምሰሶና የላቦራቶሪ ክፍያ ነው።